የ12 ዓመት ልጅ ከማን ጋር ነው?
ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት



የትምህርት ዘመን ወደ ፍጻሜው በሚቃረብበት ወራት በብዙዎች ቤት አንድ ድምፅ የሌለው ለውጥ ይታያል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚፈጽመው ልጅ ልብሱ ያጥረዋል፤ ድምፁም ይጎረንናል። ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር መዝለሉን ትታ ለብቻዋ መቀመጥ ታበዛለች። ትናንት የዋለበትን ሁሉ ሳይጠየቅ ይተርክ የነበረው ልጅ፣ ዛሬ «ምን ሆነሃል?» ሲባል «ምንም» ብሎ ያልፋል። ወላጅ ይህን እንደ ጥጋብ ወይም እንደ ንቀት ሊቆጥረው ይችላል። ነገሩ ግን ልጅነት መሰናበት መጀመሩ ነው፤ ስንብቱም ከጎኑ ሰው ይሻል።

1. ልጁ የቆመበት ደፍ

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ይደርስ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግን አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ያበቃል፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። በ7 ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ እንግዲህ ይህን ደፍ የሚረግጠው በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ነው። በገጠር ዘግይቶ የጀመረው ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለ ዕድሜ ይደርስበታል።

ለእኛ ይህ የክፍል ቁጥር መለወጥ ብቻ ሊመስለን ይችላል፤ ለልጁ ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጥበታል። በአዲስ አበባና በብዙ ክልሎች የ6ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከቤቱ የራቀ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ በ7ኛ ክፍል ሂሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚመጣበት ሰውነቱም በሚለወጥበት ሰዓት ነው። በተለይ ልጃገረዶች የወር አበባ ሲጀምራቸው፣ ውኃና የተከለለ መጸዳጃ በሌለበት ትምህርት ቤት፣ በየወሩ ከክፍል ለመቅረት ይገደዳሉ። የሚያስረዳቸው ሰው ካላገኙም የተፈጥሮን ሥርዓት እንደ ነውር ቆጥረው ይሸማቀቃሉ።

2. ወንጌል ስለዚህ ዕድሜ ምን ይነግረናል?

አራቱ ወንጌላት ከጌታችን የሕፃንነት ዘመን ተነሥተው እስከ ጥምቀቱ ድረስ ካለው ጊዜ የሚተርኩልን አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ እርሱም 12 ዓመት በሆነው ጊዜ የተፈጸመው ነው (ሉቃ. 2፥41-52)። ቅዱስ ዮሴፍና እመቤታችን ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ ልጁ በዚያው ቀረ። እነርሱ ግን ከመንገደኞቹ ጋር ያለ ስለ መሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ። በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው ዘንድ ፈልገው ባጡት ጊዜ ተመለሱ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ አገኙት።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ልጁ ከወላጆቹ ዓይን የተሰወረው በግምት ምክንያት ነው እንጂ በፍቅር ማነስ አይደለም። ከሌላ ሰው ጋር ያለ መሰላቸው። ዛሬም የ12 ዓመት ልጅ ከእጃችን የሚያመልጠው በዚሁ መንገድ ነው። ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ይመክረዋል» ይላል፤ መምህሩ «ይህ የወላጅ ድርሻ ነው» ይላል፤ ካቴኪስቱም ሁለቱን ይጠብቃል። በቁምስናችን ደግሞ ቀዳሜ ቁርባን ከተቀበለ በኋላ የሕፃናቱ ክፍል ይጠብበዋል፤ የወጣቶች ማኅበሩም «ገና ልጅ ነህ» ይለዋል። ሁሉም ከሌላው ጋር ያለ ሲመስለው ልጁ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። አንድ ቀን የራቀውንም ለማግኘት ሦስት ቀን ያስፈልጋል።

3. ለሥራ ትልቅ፣ ለንግግር ትንሽ

በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ የምንናገረው ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል። ከብት ለመጠበቅ፣ ውኃ ለመቅዳት ወይም ሱቅ ለመዋል ሲፈለግ «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ይባላል። አሳቡን ለመግለጥ አፉን ሲከፍት ግን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ተብሎ ዝም እንዲል ይደረጋል። እንዲህ ያለው ልጅ የአዋቂን ሸክም ይሸከማል እንጂ የአዋቂን ክብር አያገኝም። ከዚህም የከፋው፣ ጡት ማጎጥጎጧን አይተው ልጅቱን ከትምህርት አስቀርተው ለመዳር የሚቸኩሉ መኖራቸው ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የቤተ ክርስቲያን ሕግም ቢሆን ሰውን በደረጃ ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖና፣ 7 ዓመት የሞላው ልጅ የማመዛዘን ችሎታ እንዳለው ይገምታል፤ ከሥጋ የመታቀብን ግዴታ 14 ዓመት ሲሞላው፣ የጾምን ግዴታ ደግሞ 18 ሲሞላው ይሰጠዋል። ግዴታ ከአቅም ጋር ይሄዳል ማለት ነው።

4. የናዝሬት ዓመታት

ጌታችን በቤተ መቅደስ የመለሰውን ቃል ወላጆቹ አላስተዋሉትም። ሆኖም እናቱ አልናቀችውም፤ ነገሩን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር። እርሱም በአባቱ ቤት ይገኝ ዘንድ እንደሚገባው ከተናገረ በኋላ አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። አገልግሎቱን ሲጀምር 30 ዓመት ያህል ሆኖት እንደ ነበረ ይኸው ወንጌላዊ ይነግረናል (ሉቃ. 3፥23)። በመካከሉ 18 ዓመት ያህል አለ። እንግዲህ ከልጅነት መውጣት በአንድ ፈተና ወይም በአንድ በዓል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ልጁ የራሱ ጥሪ እንዳለው የሚያውቅበት ቀን ከቤት የሚለይበት ቀን አይደለም፤ ወላጅም ያልገባውን ነገር ሁሉ ወዲያው መቆጣት የለበትም።

5. ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ሰውነቱ ለውጥ፣ ልጁ ከጓደኛ ወይም ከስልክ ከመስማቱ በፊት፣ አባት ለወንድ ልጁ፣ እናት ለሴት ልጇ በግልጥና በክብር ይንገሩ። ወላጅ ያላት ልጅ ብቻ አይደለችም የምትጠይቀው፤ ወላጅ ለሌላቸው አክስት፣ አያት ወይም የክርስትና እናት ትቅረብ። ክርስትና የማንሣት ትርጉሙ የሚፈተነው በጥምቀት ዕለት ሳይሆን በዚህ ዕድሜ ነው።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ልጁን በመምህራን መካከል አስቀምጡት፤ ያዳምጥ፣ ይጠይቅም። ጥያቄው እንደ ድፍረት አይቆጠርበት። ከአቅሙ ጋር የሚሄድ አገልግሎትም ስጡት፦ ምንባብ ያንብብ፣ በመዘምራን መካከል ይቁም፣ ታናናሾቹን ጸሎት ያስጠና። ከክፍል ሁለት እሑድ የቀረውን ልጅ በሦስተኛው እቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ዘንድሮ አንደኛ ደረጃን የሚፈጽሙትን ልጆች በስም እናውቃቸዋለንን?
ለ. ከቀዳሜ ቁርባን በኋላ እስከ ወጣቶች ማኅበር ድረስ ላሉት ልጆች ማን ኃላፊ ነው?
ሐ. በቤታችን ልጁ ትልቅ ነው የሚባለው መቼ ነው? ትንሽ ነው የሚባለውስ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስንሰጥ «ከመንገደኞቹ ጋር ሳይሆን አይቀርም» በማለት አንለፈው። ዛሬ ማታ በየቤታችን ልጁ ከማን ጋር እንደ ዋለ ጠይቀን፣ መልሱንም እስኪጨርስ ድረስ እናዳምጠው።