አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ስለ ዕለታዊ ብስጭት የቀረበ ትምህርት



በዚህ እትም ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ከመንፈሳዊ መጻሕፍት አርእስት መካከል ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለ ሞት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ረሀብ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ተሰበረ ጀበና፣ ዶሮ ስለ በላው ስጥ፣ በወፍጮ ቤት ደጃፍ ስለሚባክን ግማሽ ቀን ነው። አንባቢ «ይህስ ትምህርት ይባላልን?» ብሎ እንዳይንቀው አደራ እንላለን። ቤት የሚታወከው፣ ጎረቤትና ጎረቤት የሚኰራረፈው ከታላቁ መከራ ይልቅ በዚህ በጥቃቅኑ ነውና።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ስፍራ እንምረጥ። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከመርሳ ከታለፈ በኋላ ወልድያ ሳይደረስ ትገኛለች። በዚያ ወይም በአካባቢው በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ተራ ቀን እንዴት ሊያልፍ እንደሚችል በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት።

የቤቱ እመቤት ገና ሳይነጋ ጄሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ትወርዳለች። ተራዋን ጠብቃ ሳለ አንዷ ጄሪካኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ የራሷን ታስቀድማለች። እመቤቲቱ ነገር እንዳይነሣ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ግን ከውሃው ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባል። እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስታሰማ ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ መብራት ይሄዳል። ሊጡ እንዳይመጥጥባት ወደ ማገዶ ትዞራለች፤ ማገዶው ደግሞ እርጥብ ነው። እርሷ ከጢሱ ጋር ስትታገል በግቢው የተሰጣውን ማሽላ የጎረቤት ፍየል ታገኘዋለች።

ባልየው በዚያው ዕለት ለአንድ ጉዳይ ወደ ወልድያ ሄዷል። መኪናው እስኪሞላ ብዙ ቆየ፤ ከሞላም በኋላ ትርፍ ሰው እስኪገኝ ደግሞ ቆየ። ከቢሮው ሲደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል ተቀብሎ ወጣ። ሲመለስ ዝናብ ያዘው፤ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ልጁ ደግሞ ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ እንዲጠብቅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ወጥቶ ነበር። ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ጣለው፤ ወፉም የድርሻውን ወሰደ።

በዚህ ቀን ማንም አልሞተም፤ ማንም አልታመመም። ለሽማግሌ የሚነገር በደል፣ ለነፍስ አባት የሚነገር ታላቅ ኃጢአት አልተፈጸመም። ሆኖም ማታ ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ልጁ የሚገረፈው ለወፉ ብቻ አይደለም። ለመብራቱ፣ ለመኪናው፣ ለስብሰባው፣ ለጭቃው፣ ለጄሪካኑም ጭምር ነው።

አባቶቻችን ይህን በአጭር ቃል «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ነግረውናል። ስለ ፈሪ ሰው የተነገረ ስለሚመስለን ብዙ ጊዜ በሳቅ እናልፈዋለን። አስተውለን ብናየው ግን የብስጭትን መንገድ ያሳያል። ብስጭት ወደ መጣበት አይመለስም፤ ወደ ታች ይወርዳል። ኃላፊውን መቈጣት አይቻልም፤ ጉዳዩ ይበላሻልና። ሾፌሩን መቈጣት አይቻልም፤ መንገድ ላይ ያወርዳልና። መብራቱን ቢቈጡትም አይሰማም። ስለዚህ ባል በሚስት፣ ሚስት በልጅ ወይም በቤት ሠራተኛይቱ፣ ልጅ ደግሞ በጥጃው ላይ ያወርደዋል። በየደረጃው የሚቀበለው ከሚሰጠው ይልቅ ደካማ ነው። ጉዳዩን ከጥቃቅንነት አውጥቶ የኅሊና ጉዳይ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ጀበና መሰበሩ አይደለም።

በቅዱስ መጽሐፍ ይህን የሚመስል ታሪክ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 እናገኛለን። በለዓም በአህያዪቱ ተቀምጦ ሲሄድ መጀመሪያ ከመንገድ ወጣችበት፤ ቀጥሎ ወደ ቅጥሩ ተጠግታ እግሩን አጣበቀችው፤ በመጨረሻም ከሥሩ ተኛች። ሦስት ጊዜ መታት፤ ሰይፍ ቢኖረው እንደሚገድላት እስከ መናገር ደረሰ። እርሷ ግን እርሱ ያላየውን፣ ሰይፉን መዝዞ መንገዱ ላይ የቆመውን መልአክ አይታ ታድነው ነበር። ሊቃውንት በዚህ ምዕራፍ ስለ ትንቢት ብዙ ይናገራሉ፤ እኛ ለዛሬው ትምህርታችን የምንፈልገው እግሩ የተጣበቀውን መንገደኛ ነው። የመታት አህያ ጥፋተኛ አልነበረችም፤ በቅርብ የተገኘች ነበረች እንጂ። ነቢዩ ዮናስም ስለ አንዲት የደረቀች ቅል ሞቱን እስኪለምን መቈጣቱን በትንቢቱ ምዕራፍ 4 ላይ እናነባለን። ነቢያትም ከዚህ ፈተና አላመለጡም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ታላቁን መከራ የቻለ ሕዝብ ትንሹን ስለ ምን አይችልም? ወሎ የ1966ቱን ረሀብና ሰባ ሰባትን አይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ሰው ያለውን ዱቄት እየተካፈለ ከርሟል። በዚያን ጊዜ አንድ ቁና እህል ያካፈሉ ጎረቤታሞች ዛሬ በቦኖ ተራ ሊኰራረፉ ይችላሉ። ይህ ግብዝነት አይመስለንም። ታላቅ መከራ ስም አለው፤ ጎረቤት ያውቀዋል፤ ዕድሩ ይሰበሰባል፤ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «እግዜር ያጥናህ» ይላል። መብራት ሄዶባት ሊጥ ለተበላሸባት ሴት ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ብትናገርም ይሳቅባታል። ስለዚህ ትንሹን መከራ እያንዳንዱ ለብቻው ይሸከመዋል፤ ለብቻ የተያዘ ሸክም ደግሞ ከክብደቱ በላይ ይከብዳል። «ዛሬ ምን ገጠመሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ባል ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ካቴኪስቶች በተለይ ጠንቅቀው ሊያስተምሩት የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ምእመናን መበሳጨታቸውን ራሱን እንደ ኃጢአት ቈጥረው ይጨነቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተበሳጭተው ያደረጉትን ሁሉ «ተናድጄ ነው» በማለት ነጻ ያወጡታል። ሁለቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንደሚያስረዳው ስሜቶች በራሳቸው በጎም ክፉም አይባሉም። የግብረ ገብ ሚዛን ላይ የሚወጡት አእምሮና ፈቃድ ሲሳተፉባቸው ነው። ጀበናው ሲሰበር ደም መፍላቱ የተፈጥሮ ነው። እጅ ሲነሣ፣ ምላስ ሲረግም ግን ፈቃድ ገብቶበታል።

ይህን ለማስረዳት የሲሪንቃ ገበሬ ከማንም በላይ የሚያውቀው ምሳሌ በማሳው ውስጥ አለ። አቀንጭራ የሚባለው አረም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚኖር ነው። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ዋናው ጉዳት ከመሬት በታች ተፈጽሟል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ግን እንዲሁ አይደለም፤ የማሽላው ሥር የሚያፈልቀውን ቅመም መሰል ነገር ሲያገኝ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ከተረዱ በኋላ ያን የሚያነቃ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያፈልቁ የማሽላ ዝርያዎችን ለይተው አወጡ። በአገራችን ለገበሬ የተሰጡት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው። በዚህ ሥራ የደከሙት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ላይ በሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። የጎብዬ ማሽላ ከአቀንጭራ ዘር ንጹሕ በሆነ መሬት ላይ አይዘራም፤ ዘሩ በዙሪያው ሳለ አይቀሰቅሰውም እንጂ። ምሳሌ ሁሉ ከተገፋ ይሰበራልና በዚህ እንተወው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ጉዳዩን አልናቁትም። የጄኔቫው ጳጳስ ቅዱስ ፍራንቼስኮስ ዘሳሌስ እ.ኤ.አ. በ1609 ለዓለማውያን ምእመናን ባሳተመው የመንፈሳዊ ሕይወት መጽሐፉ የራስና የጥርስ ሕመምን፣ የትዳር ጓደኛን አመል፣ የተሰበረ ብርጭቆን፣ የጠፋ የእጅ ጓንትን ሳይቀር በስም እየጠራ በፍቅር እንዲቀበሏቸው ይመክራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ታላቅ አጋጣሚ የሚመጣው ከስንት አንዴ ሲሆን እነዚህ ግን በየሰዓቱ ይመጣሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1897 የኖረችው ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ደግሞ በሊዝዩ ገዳም የገጠማትን ትናገራለች። በማታ ጸሎት ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት እኅት ሁለት ዛጎል ሲፋተግ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ታሰማ ነበር። ተሬዛ ዞር ብላ በዓይኗ ልትገሥጻት እጅግ ትመኛለች፤ ግን አትዞርም፤ ከመታገሏ የተነሣ ላብ ያጠምቃታል። በመጨረሻ ድምፁን ላለመስማት መታገሉን ትታ እንደ ዜማ ታዳምጠው ጀመር። በልብስ ማጠቢያው ስፍራም ትይዩዋ የቆመች እኅት መሐረብ ባነሣች ቍጥር እድፋሙን ውሃ ፊቷ ላይ ትረጫት ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ የሚያጽናናን ላቡ ነው። ቅድስቲቱ መበሳጨቷን በጽሑፏ አልደበቀችም።

ሆኖም ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ሲነገር ይሰማል። ተሬዛ የታገሠችው እኩያዋን ነው፤ እኅቲቱም የምታደርገውን አላወቀችም፤ ትዕግሥቱንም ማንም አላዘዘባትም። ሌሊት የምትነሣን፣ ያለ ጥፋቷ የምትሰደብን የቤት ሠራተኛ «እንደ ቅድስት ተሬዛ ቻይው» ማለት ግን ቅድስቲቱን ዱላ ማድረግ ነው። ትዕግሥት ሰው ለራሱ የሚመርጠው ነው እንጂ በዳውላው ላይ የሚጫን አይደለም። ይህን መምህራኑ ሳይዘነጉ እንዲያስተምሩ እንለምናለን።

ደግሞም ሊስተካከል የሚችለውን ነገር ሁሉ «ፈተና ነው» እያሉ መተው ስንፍና ይመስለናል። ጀበና ያለ ማቶት ቢቀመጥ ይወድቃል፤ ይህ የሰይጣን ሥራም የሕፃኑ ጥፋትም አይደለም። ማቶት መግዛት ነው። በቦኖው ላይ የውሃ ኮሚቴው ተራን በቍጥር ቢያደርግ ግማሹ ጠብ ይቀራል። ስጥ ጠባቂ ይፈልጋል። ፍየሏም ሁለተኛ ጊዜ ከገባች በጓሮ ከማማት ባለቤቷን ቡና ጠርቶ መንገር ይሻላል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የተከበሩ አስታራቂዎች ደም እስከ ማድረቅ የሚደርስ ሸንጎ ሲቀመጡ የጠቡ መነሻ ብዙ ጊዜ ድንበር የገፋ ማረሻ ወይም እህል የገባች ላም ሆኖ ይገኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጣን ስለ ማብረድ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ጊዜ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያደረ ነገር ሥር ይሰዳል።

ይህን ጽሑፍ በየቁምስናው ለውይይት ለምትጠቀሙበት መምህራን ጥቂት አሳብ እንጨምራለን። በዐዋቂዎች ጉባኤ ላይ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ባለፈው ሳምንት ያበሳጨውን አንድ ትንሽ ነገር ይናገር፤ ሌላው ሳይስቅ ያዳምጥ። ቀጥሎ ከተነገሩት መካከል የትኛው የሚስተካከል፣ የትኛው የሚቻል እንደ ሆነ አብራችሁ ለዩ። አሳብ ቢለያይ አትጨነቁ፤ ስለ ወፍጮ ቤቱ ተራ እንደምትከራከሩ ይገመታል። ከዚያ በኋላ የበለዓም ታሪክ ይነበብ፤ በቤታችሁ የአህያዪቱ ስፍራ የማን እንደ ሆነ ግን በቃል አይመለስ፤ እያንዳንዱ በልቡ ይያዘው።

ለሕፃናት ክፍል ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ ያላጠፉት ጥፋት ተቈጥተውበት ያውቁ እንደ ሆነ ይጠየቁ። የቻለ ይጻፍ፤ ያልቻለ ሥዕል ይሣል። መምህሩ ወረቀቶቹን ለራሱ ያስቀምጥ፤ ለወላጆች አያሳይ። ካሳየ ልጆቹ በዚያው ማታ ዳግመኛ ዳውላ ይሆናሉ። ለዚህ ክፍል ግማሽ ሰዓት ይበቃል።