የጓሮ አትክልት ሥራ ለተፈናቃዮች መንፈስ መታደስ ያለው ጥቅም
የጌዴኦን ልምድ መሠረት ያደረገ ትምህርት

መግቢያ

ድርቅ ወይም ግጭት ሕዝብን ከቀዬው ሲያፈናቅል በቅድሚያ የሚታሰበው እህል፣ ውሃ፣ መጠለያና መድኃኒት ነው። የተራበ ሰው ከሁሉ በፊት መብላት ስላለበት ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የተፈናቀለ ሰው ያጣው ጎተራውን ብቻ አይደለም። በየማለዳው ተነሥቶ የሚሠራውን ሥራ፣ ሥራው ያስገኘለትን ክብርና ለመጪው ዓመት የነበረውን ሐሳብ ጭምር አጥቷል። ይህ ጉዳት ተሰፍሮ በሚታደል እህል ብቻ አይጠገንም። የዚህ ትምህርት ዓላማ የአትክልት ሥራ ጉዳቱን ለመጠገን በምን መንገድ እንደሚረዳና በመልሶ ማቋቋም ተግባር ውስጥ እንዴት ሊሠራበት እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

የአትክልት ሕክምና ምንነት

የአትክልት ሕክምና ማለት በሠለጠነ ባለሙያ መሪነት፣ ዓላማው አስቀድሞ ተወስኖ፣ ጉዳት የደረሰበትን ሰው በመትከል፣ በመኮትኮት፣ ውሃ በማጠጣትና ፍሬ በመሰብሰብ ሥራ ማሳተፍ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ እ.ኤ.አ. በ1812 ስለ አእምሮ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንጨት በመቁረጥና የአትክልት ቦታ በመቆፈር የሚረዱ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ሲድኑ፣ ሥራ የማይነኩት ግን በሕመማቸው እንደሚማቅቁ አመልክቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው ቁስለኛ ወታደሮችን ለማገገም ተሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1973ም በአሜሪካ የራሱ የሙያ ማኅበር ተቋቋመለት።

ጥናቶች የሚያሳዩት

ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል እንደወጡና አነስተኛ የሕመም ማስታገሻ እንደወሰዱ አስረድቷል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ደግሞ 30 ሰዎች ሆን ተብሎ አእምሮን የሚያስጨንቅ ሥራ ከተሰጣቸው በኋላ፣ ገሚሶቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ሲሠሩ ገሚሶቹ መጽሐፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገኖች ቢቀንስም፣ ይበልጥ የቀነሰው አትክልት በሠሩት ላይ ነበር።

ፊላደልፊያ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት 541 ጠፍ ቦታዎችን ያካተተ ነበር። ከእነዚህ በከፊሎቹ ቆሻሻው ተነሥቶ ሣርና ዛፍ ሲተከል፣ በአካባቢያቸው የሚኖሩ ሰዎች ይሰማቸው የነበረው የድባቴ ስሜት ምንም ካልተሠራባቸው ሰፈሮች ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀንሷል።

የአትክልት ሥራ ይህን ውጤት የሚያስገኘው በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፤ በቀን የደከመ ሰውም ሌሊት እንቅልፍ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ሐሳብ በዐይን ወደሚታይና በእጅ ወደሚዳሰስ ነገር ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ችግኙ የሚያድገው በሠራተኛው እጅ ስለሆነ፣ ተረጂ ሆኖ የቆየው ሰው መልሶ ተንከባካቢ ይሆናል። አራተኛ፣ ሰዎችን ያገናኛል፤ ጎን ለጎን የሚኮተኩቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይናገሩትን ይነጋገራሉ።

የጌዴኦ ጓሮ

በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግርጌና ዳገት ላይ የሚገኘው የጌዴኦ ምድር በአገሪቱ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ መንገደኛ ከሩቅ ደን የሚመስል ነገር ያያል፤ ሲቀርብ ግን ያ ደን የሰዎች ጓሮ ሆኖ ያገኘዋል። ከላይ እንደ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ያሉ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ በመካከል እንሰት፣ ከሥሩ ቡና፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎመንና ሥራ ሥር ይበቅላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ አያያዝ ከጥብቅ ደኖቹና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ተዳምሮ ነው።

እንሰት ፈጥኖ የሚደርስ ተክል አይደለም። የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያለው እንሰት ከላዩ ተቆርጦ፣ የሥሩ እምብርት ወጥቶ በአፈር ይሸፈናል፤ ከወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያቆጠቁጣል። ችግኙም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ለቆጮና ለቡላ ይደርሳል። ስለዚህ እንሰት የሚተክል ሰው ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያው መሬት ላይ እንደሚኖር ያመነ ሰው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የደረሰው ጉዳት

ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት፣ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ብዙዎቹ በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያናትና ተሠርተው ባላለቁ ሕንፃዎች ተጠልለው ከረሙ። ቤት ተቃጠለ፤ ቡናና እንሰት ተጨፈጨፈ። የተቃጠለ ጎጆ በወራት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ የተጨፈጨፈ የእንሰት ጓሮ ግን የዓመታት ድካም ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተፈናቃዮች መካከል በተደረገ የዳሰሳ ጥናት፣ ከተጠየቁት ከ600 በላይ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። እንግዲህ ወደ ቀዬው የተመለሰው ገበሬ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይህንንም ሸክም ይዞ ነው የተመለሰው።

ተግባራዊ መመሪያ

በመልሶ ማቋቋም ሥራ የተሠማሩ ሠራተኞች የሚከተሉትን ነጥቦች ሊያስተውሉ ይገባል።

1. የጓሮ ሥራ እስኪመለሱ ድረስ መቆየት የለበትም። መሬት በሌለበት መጠለያ በአሮጌ ጆንያና በተሰበረ ገንዳ አፈር ሞልቶ ጎመንና ሽንኩርት ማብቀል ይቻላል።

2. ፈጥኖ የሚደርሰውና ዘግይቶ የሚደርሰው ጎን ለጎን ይተከል። ጎመን በሁለት ወር ግድም ለመብል ሲደርስ ተስፋን ያነሣሣል፤ እንሰትና ቡና ደግሞ ተስፋውን ወደ ፊት ያራዝማሉ።

3. የሚተከለውን የሚመርጠው ራሱ ባለጓሮው ይሁን። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ብዙው አፈሩንና ዝናሙን በማያውቀው አገር ነበር የሰፈረው። የለመዱትን ሰብል ማጣት ለሰፋሪ ሁለተኛ ስደት ነው።

4. ሥራው በፈቃድ ይሁን። ለእርዳታ እህል መለወጫ ወይም እንደ ግዳጅ ከታዘዘ የመፈወስ ኃይሉን ያጣል።

5. እንሰት ፍቆ ቆጮ የማዘጋጀቱ ሥራና ዕውቀት በአመዛኙ የሴቶች ስለሆነ፣ እናቶች በዕቅዱ ላይ ይመከርባቸው ሳይሆን ራሳቸው መካሪ ይሁኑ። አረጋውያን ችግኝ እንዲጠብቁ፣ ልጆችም እንዲያጠጡ ማድረግ ለሁሉም ድርሻ ይሰጣል።

6. የሶንጎ ሽማግሌዎች ይሳተፉ። ሰላም ካልወረደ ማንም በሙሉ ልብ አይተክልምና፣ ችግኝ ማደል ከዕርቅ ጋር መሄድ አለበት።

ጥንቃቄ

የአትክልት ሥራ ሐኪምን አይተካም። በዚህ ረገድ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩና ረጅም ጊዜ ያልተከታተሉ በመሆናቸው፣ ከሚያሳዩት በላይ ተስፋ መስጠት አይገባም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ እንቢ ያለ፣ ከሰው የተለየ ወይም ስለ ሞት ደጋግሞ የሚናገር ሰው ሲገኝ፣ ዶማ ከመስጠት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ጓሮው የማገገሚያው አካል ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የአትክልት ሕክምና በስሙ አዲስ ቢመስልም፣ መሠረቱ ለጌዴኦ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ስለሆነም ለተመላሽ ቤተሰብ ከሚሰጠው እህል፣ ቆርቆሮና ብርድ ልብስ ጋር የእንሰትና የቡና ችግኝ፣ የጎመን ዘርና ዶማ አብሮ ሊታቀድ ይገባል። እህሉ የዛሬን ቀን ያሳልፋል፤ ችግኙ ግን ሰውየው ነገን መልሶ እንዲቆጥር ምክንያት ይሆነዋል።