የደጋሚ ጣቢያዎች የኢንተርኔት ትስስር፦ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ኮረብቶች መልክዓ ምድር ላይ የተመሠረተ የንድፍ ጥናት

1. መግቢያ

ሪፒተር ወይም ደጋሚ ጣቢያ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቀበለውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው። በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚገኘው የአማተር ሬዲዮ ባንድ የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነት ብዙውን ጊዜ 0.6 ሜጋኸርዝ ነው። ጣቢያው ከፍ ባለ ቦታ ሲተከል በሸለቆ ውስጥ ያለ አነስተኛ የእጅ ሬዲዮ የኮረብታውን ከፍታ እንደ ራሱ አንቴና ይጠቀምበታል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ የተጀመረው አይአርኤልፒ እና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤኮሊንክ ከዚህ አልፈው ተራራ የማያገናኛቸውን ጣቢያዎች በኢንተርኔት አስተሳስረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ትስስር በአደጋ ጊዜ ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄ መመርመር ይገባዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የካንና እንጦጦን እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ ኢንተርኔት የሬዲዮ መረብ ማራዘሚያ እንጂ ምሰሶ መሆን እንደሌለበት ያስረዳል።

2. የመልክዓ ምድሩ ዕድልና ገደብ

የእንጦጦ ጠፈር ምርምር ማዕከል ቴሌስኮፖች የሚገኙበት ሸንተረር ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ የመሐል ከተማው ከፍታ ወደ 2,350 ሜትር ይጠጋል። የሬዲዮ አድማስ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚገመተው የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት በመደመርና ድምሩን በ4.12 በማባዛት ነው። የ850 ሜትር የከፍታ ልዩነትና በ2 ሜትር ከፍታ የተያዘ የእጅ ሬዲዮ ሲታሰቡ ውጤቱ 126 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ይህ ቁጥር ግን ለሜዳ ነው። ከሸንተረሩ ቁልቁል የሚወርዱት የቀበናን ወንዝ የመሰሉ ሸለቆዎች ከጣቢያው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው እንኳ የሬዲዮ ጥላ ሊያርፍባቸው ይችላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባሉት ገደላማ ሰፈሮችና በኮተቤ ጓሮ ባሉት እጥፋቶች ሞገዱ የሚደርሰው ጫፍን ታክኮ በመጠማዘዝ ወይም ከተቃራኒው ተዳፋት በመንጸባረቅ ነው። በሰሜን በኩል ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ሌላ ተዳፋት ላይ ናት። ስለዚህ አንድ ከፍተኛ ጣቢያ ብቻውን አይበቃም፤ ጥላውን የሚሞሉ ታናናሽ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። የማገናኘት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

3. በቅርብ ርቀት፦ ሬዲዮ ለሬዲዮ

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ነው። ከዚያ እስከ እንጦጦ ምርምር ማዕከል ያለው የአየር ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የእይታ መስመሩ ክፍት ነው ብለን ብናስብ በ430 ሜጋኸርዝ በ10 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የነፃ ሕዋ ብክነት 105 ዴሲቤል ገደማ ነው። 1 ዋት ኃይል ያለው አስተላላፊና በሁለቱም ወገን 6 ዴሲቤል የሚያጎለብቱ አንቴናዎች ቢተከሉ፣ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ኃይል ከአንድ ሚሊዋት በ63 ዴሲቤል ያነሰ ይሆናል። ብዙ ተቀባዮች ከዚህ በ50 ዴሲቤል ያነሰ ምልክት እንኳ ያነባሉ። ዝናብና ቅጠል የሚቀንሱትን ብንቆጥር እንኳ ሰፊ ትርፍ ይቀራል።

የስሌቱ ትርጉም ግልጽ ነው። እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ጣቢያዎችን ለማገናኘት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ድምፁን ወደ አገልግሎት ሰጪ ማዕከል ወስዶ ወደዚያው ሰፈር መመለስ በማያስፈልግ ቦታ ተጨማሪ የብልሽት በር መክፈት ነው።

4. በሩቅ ርቀት፦ ኢንተርኔት

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም የዓባይ ሸለቆ አለ። እዚህ የኢንተርኔት ትስስር ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀው የመስመር አቅምም ትንሽ ነው። ኤኮሊንክ ድምፁን በጂኤስኤም ኮዴክ አጥብቦ በየ80 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል። የፓኬቱ ይዘት 144 ባይት ሲሆን፣ የመጓጓዣው ራስጌ ሲጨመርበት 172 ባይት ይደርሳል። ይህ በሰከንድ ወደ 17 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ ደካማ የሞባይል መስመር እንኳ ይሸከመዋል።

ስለዚህ ዋናው ችግር የመስመሩ ስፋት አይደለም። የመጀመሪያው ችግር አድራሻ ነው። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ ስለሚያስቀምጡ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ጣቢያውን አያገኘውም። መፍትሔው ጣቢያው ራሱ ቋሚ አድራሻ ወዳለው ሰርቨር ግንኙነቱን ከፍቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ተናጋሪው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ጥቂት ካልቆየ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ በአደጋ ጥሪ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል የቦታው ስም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የዙር ችግር ነው። ሁለት ጣቢያዎች በሬዲዮም በኢንተርኔትም በአንድ ጊዜ ከተያያዙ ድምፁ መልሶ ወደ ራሱ እየገባ መረቡን ይዘጋል። ስለዚህ በአንድ የሬዲዮ መረብ ውስጥ አንድ የኢንተርኔት መሸጋገሪያ ብቻ መኖር አለበት።

5. መቋረጥና ኃይል

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሳምንታት ቆይቷል። የመቋረጡ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው፤ በኢንተርኔት ብቻ የተሳሰሩ ጣቢያዎች በዚያ ዓይነት ጊዜ የተነጣጠሉ ደሴቶች ይሆናሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተከሠቱት ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጦች ንዝረታቸው እስከ አዲስ አበባ መሰማቱም፣ የግንኙነት አማራጭ አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ያሳስባል።

ብዙም ትኩረት ያላገኘው ጉዳይ ባትሪ ነው። በምሳሌነት ሲቀበል 0.5 አምፔር፣ ሲያሰራጭ 6 አምፔር የሚወስድ ጣቢያ እናስብ። ለአካባቢው ብቻ ሲያገለግል ከጊዜው 20 በመቶውን ቢያሰራጭ አማካይ ፍጆታው 1.6 አምፔር ነው፤ ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 31 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከሩቅ መረብ በሚመጣ ንግግር የስርጭቱ ድርሻ 60 በመቶ ቢሆን ግን ፍጆታው 3.8 አምፔር ይደርሳል፤ ዕድሜውም ወደ 13 ሰዓት ይወርዳል። መብራት በጠፋበት ሌሊት የሩቅ ሰው ጨዋታ የቅርቡን ሰው የእርዳታ ጥሪ ይበላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ዋናው መብራት ሲጠፋ መሸጋገሪያው ከኢንተርኔት በራሱ እንዲላቀቅና በትእዛዝ ብቻ እንዲመለስ መደረግ ይኖርበታል።

6. ሕጋዊ ማዕቀፍ

ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክፍፍል ቀጣና 1 ውስጥ ናት። የኅብረቱ የሬዲዮ ደንብ በተለያዩ አገሮች አማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ስርጭት ትርጉሙን ለመደበቅ እንዳይመሠጠር ይከለክላል። በአገር ውስጥም የፍሪኩዌንሲ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ስለዚህ መሸጋገሪያው ፈቃድ ያላቸውን ተጠቃሚዎች ብቻ የሚያስገባ፣ ተጠሪው የታወቀና በማንኛውም ሰዓት ከርቀት ሊዘጋ የሚችል መሆን አለበት።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ ሦስት ደረጃዎች ይመራል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ብቻውን ለአካባቢው ማገልገል ይችል ዘንድ ይነደፍ። ሁለተኛ፣ የሚተያዩ ጣቢያዎች በሬዲዮ ይያያዙ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት የሬዲዮ መስመር ለማይደርስባቸው ከተሞች ብቻ ይዋል። ለቀጣይ ጥናት ቀዳሚ ሆኖ የሚታየው በየካ ሸለቆዎች የምልክት ጥንካሬን በእግር እየዞሩ መለካትና ጥላዎቹን በካርታ ላይ ማስፈር ነው። የንድፉ መፈተኛ ግን ቀላል ነው፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ ከቀበና ወንዝ ዳር የተጠራ ድምፅ ኮተቤ ላይ መሰማቱን ማረጋገጥ።