ሎጎ ከጥያቄ ይጀምራል

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሎጎ እንድሠራለት አዞኛል። ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ልቀመጥ?

መላሽ፦ ኮምፒውተሩ ይቆይ ልጄ። መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቀው። ቡናውን የሚገዛው ማነው? የሰፈር ሱቅ፣ ሆቴል ወይስ የውጭ ደንበኛ? ከማን ጋር ነው የሚፎካከረው? ሎጎውስ የት የት ያርፋል፤ ማሸጊያ፣ ታፔላ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም? መልሱን በአንድ ገጽ ጻፍና ይፈርምበት። ነገ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢል የሚዳኛችሁ ያ ገጽ ነው። ቅድመ ክፍያውንና ስንት ጊዜ እንደምታርምለት እዚያው አስፍር።

ጠያቂ፦ ጀበና ልስልበት አስቤ ነበር።

መላሽ፦ ሱቅ ግባና የቡና መደርደሪያውን ተመልከት። ጀበና፣ ሲኒ፣ የቡና ፍሬ ይበዛበታል። ያንተም ጀበና እዚያ መሀል ቢቀመጥ ገዢው በምን ይለየዋል? አንተ የዚህን ሰው ቡና ብቻ የሚመለከት ነገር ፈልግ። ከዚያ በእርሳስ ደጋግመህ ሞክር። ቶሎ የሚመጣልህ ሐሳብ ለሌላውም ቶሎ የመጣለት ነውና በመጀመሪያው ገጽ አትርካ።

ጠያቂ፦ ከንድፎቹ ጥሩውን በምን ልለየው?

መላሽ፦ ቀለሙን አውጣና በጥቁር ብቻ አትመው። ቀጥሎ ወደ ማኅተም መጠን አሳንሰው። ማኅተም ላይ ቀለሙ አንድ ነው፤ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮች በቀለም ይደፈናሉ። ፊደላችንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቡ» ከ«በ» የምትለየው ከወገቧ ላይ በወጣች አንዲት ጭረት ነው። ሲያንስ ጭረቷ ከጠፋች «ቡና» የሚለው «በና» ይሆናል። ስለዚህ ጭረቷን ሆን ብለህ ወፈር፣ ረዘም አድርጋት። ፈተናውን ያለፈውን በቬክተር ሥራው፤ ለታፔላ ቢተልቅም ጥራቱ አይበላሽም።

ጠያቂ፦ ከዚያ ለደንበኛው ላሳየው?

መላሽ፦ ገና ነው። የሚመስለው ምልክት ቀድሞ እንዳልተመዘገበ አጣራ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ አለው። በሌላ ሰው ምልክት ላይ የቆመ ሎጎ ደንበኛህን ፍርድ ቤት ያደርሰዋል።

ጠያቂ፦ በመጨረሻስ፣ ስንት አማራጭ ላቅርብ?

መላሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ስቲቭ ጆብስ ኔክስት ለተባለው አዲስ ኩባንያው ሎጎ እንዲሠራለት አሜሪካዊውን ፖል ራንድን ቀጠረ። ጥቂት አማራጮች እንዲያሳየው ቢጠይቀው ራንድ እምቢ አለ። 100,000 ዶላር ተከፍሎት አንድ ሥራ ብቻ አቀረበ።

ጠያቂ፦ እኔም እንዲሁ ላድርግ?

መላሽ፦ ራንድ ያን ጊዜ የአይቢኤምን ሎጎ ከሠራ 30 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ስሙ ይናገርለታል። አንተ ሁለት ወይም ሦስት አሳይ፤ የምታምንበትንም ለይተህ ተናገር። ከራንድ የምትወስደው ሌላ ነገር ነው። ሎጎውን ያቀረበው በመጽሐፍ መልክ ነበር። ፊደሎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ የኩብ ቅርጽ ያለው ሎጎ ለምን 28 ዲግሪ እንዳዘነበለ ገጽ በገጽ አስረድቶ ነው ወደ መጨረሻው ሥራ ያደረሰው። አንተም ፋይሉን በቴሌግራም ልከህ «የቱ ይሻላል?» አትበል። በአካል ሂድ። የፈረመበትን ገጽ አስቀድመህ አንብብለት፤ ሎጎውን በጥቁር፣ ቀጥሎ በቀለም፣ ከዚያ ማሸጊያው ላይ አሳየው።

ጠያቂ፦ «አልወደድኩትም» ካለኝስ?

መላሽ፦ አትከራከር፤ በገጹ ላይ ከተስማማችሁበት የቱ እንደጎደለ ጠይቀው። የጎደለ ካለ አርም፤ ከሌለ ምክንያትህን በእርጋታ አስረዳ። ነጋዴው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዓመታት ሸቀጡን ለሚያስለይለት ምልክት ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ምክንያት ሳትይዝ ደንበኛ ፊት አትቅረብ።