ደረት ላይ የተጻፈው ቢራ

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ወጣቱ በኤፍኤም ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ያቀርባል። አዛውንቱ በጤና መኮንንነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቢራ ለስፖርቱ ስፖንሰር ቢሆን ምኑ ላይ ነው ክፋቱ? ኳስ የሚያይ ሁሉ አይጠጣም፤ የሚጠጣውም በገዛ ገንዘቡ ነው።

አዛውንቱ፦ በአንድ ማልያ ልጀምርልህ። ሊቨርፑል ከ1992 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ደረቱ ላይ «ካርልስበርግ» አስጽፎ ነው የተጫወተው። በ2005 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኢስታንቡል ላይ ሚላን 3 ለ 0 ሲመራው ቆይቶ አቻ ሆኖ በፍፁም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ፣ አምበሉ ጄራርድ ዋንጫውን ያነሣው ያንን ጽሑፍ ለብሶ ነው። ማልያው እኛም ሰፈር ደረሰ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የዴንማርክ ቢራ ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ጨርቅ ኳስ ያባርር ነበር። አንተም ሳትለብሰው አትቀርም።

ወጣቱ፦ ለብሻለሁ እንጂ! ጀርባው ላይ 8 ቁጥር ነበረበት። ግን እኮ ቢራ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

አዛውንቱ፦ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቢራነቱን ሳታውቅ ስሙን ወደድከው፤ ጄራርድን ስትወድ አብሮ ገባ። ኩባንያው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው ዛሬ ማታ አንድ ጠርሙስ እንድታዝዝ ብቻ መስሎህ? ደስታህና የእሱ ስም አብረው እንዲያድጉ ነው። ለመጠጣት ዕድሜህ ሲደርስ ምርጫህ አስቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቅሃል። እንግሊዝ አገርም ቆይቶ የመጠጥ ኢንዱስትሪው የራሱ ደንብ የልጆች ማልያ ላይ የመጠጥ ስም እንዳይታተም አድርጓል። እኔ የሠራሁት ሐኪም ቤት ነው፤ ከጉበት ሕመም እስከ መኪና አደጋ፣ መጠጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በአልኮል ሳቢያ የሞተውን ሰው 2.6 ሚሊዮን ያደርሰዋል።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ገንዘቡስ? ይህ ሁሉ ገንዘብ ቢቀር ውድድሩ በምን ይካሄዳል?

አዛውንቱ፦ ፈረንሳይን እይ። የወይን ጠጅ አገር ናት፤ መጠጥ እርሻዋም ባህሏም ነው። ያቺ አገር በ1991 በጤና ሚኒስትሩ በክሎድ ኤቫን ስም የሚጠራ ሕግ አወጣች። የሕጉን አሠራር ልብ በል። ብዙ አገር የሚከለክለውን ይዘረዝራል፤ ነጋዴው ደግሞ ያልተዘረዘረውን ፈልጎ ይገባበታል። የኤቫን ሕግ የዘረዘረው የተፈቀደውን ነው፤ ከዝርዝሩ የወጣው ሁሉ ክልክል ነው። ቴሌቪዥን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የስፖርት ስፖንሰርነትም በቀጥታ ተከልክሏል።

ወጣቱ፦ በተግባርስ ሠራ?

አዛውንቱ፦ ሊቨርፑል እዚያ ሄዶ ሲጫወት ደረቱን ባዶ አድርጎ ነበር። ሃይነከን ስፖንሰር ያደረገው የአውሮፓ ራግቢ ዋንጫ ፈረንሳይ ውስጥ ስሙ «ኤች ካፕ» ብቻ ሆነ። ትልቁ ፈተና የ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ነበር። የበድዋይዘር ባለቤት የፊፋ ስፖንሰር ነበር፤ ሕጉ እንዲላላ ግፊቱ በረታ። መንግሥት ግን እምቢ አለ። የሜዳው ዳር የማስታወቂያ ቦታ ለካሲዮ፣ ለሰዓትና ለካልኩሌተር ሠሪው፣ ተላለፈ። ውድድሩ ምንም አልጎደለበትም። ዋንጫውንም ራሷ ፈረንሳይ ወሰደች፤ ዚዳን በጭንቅላቱ ሁለት አግብቶ።

ወጣቱ፦ በ2016ቱ ዩሮ ግን እዚያው ፈረንሳይ ካርልስበርግ በሜዳው ዙሪያ ነበር። እኔው ራሴ አይቻለሁ።

አዛውንቱ፦ ስሙን አይተሃል?

ወጣቱ፦ ቆይ... አረንጓዴ ሰሌዳ ነበር። የካርልስበርግ ፊደል አጣጣል።

አዛውንቱ፦ የተጻፈው «ምናልባት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ከኩባንያው የቆየ መፈክር፣ «ምናልባት የዓለም ምርጡ ቢራ» ከሚለው የተቆረጠ ነው። ስም የለም፣ ቢራ የሚልም የለም። አንተ ግን ይኸው ካርልስበርግን አየሁ አልከኝ። ስለዚህ ቀለሙንና የፊደሉን መልክ የማይጨምር ክልከላ ግማሽ ክልከላ ነው።

ወጣቱ፦ አሁን ደግሞ አልኮል አልባው መጣ። ፈረንሳዊው ተጫዋች ፖግባ በ2021 ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ከፊቱ ያነሣው ጠርሙስ የሃይነከን «0.0» ነበር፤ አልኮል ከሌለው ምን አስቸገረው ያሉ ነበሩ።

አዛውንቱ፦ ፖግባ ሙስሊም ነው፤ የቢራ ስም ፊቱ እንዲቆም አልፈለገም፤ መብቱ ነው። ጠርሙሱን ተመልከተው እስቲ፦ ስሙ ያው፣ ቀይ ኮከቡም ያው። ልዩነቱ ያለው በመለያ ወረቀቱ ቀለምና በቁጥሯ ነው። ከ2024 ጀምሮ የኦሎምፒክ ኮሚቴም የዓለምን ትልቁን ቢራ ጠማቂ በአጋርነት ሲቀበል ፊት የቀረበው አልኮል አልባው ኮሮና ነው። ልጅ ቁጥሯን አያነብም፤ ስሙን ነው የሚይዘው።

ወጣቱ፦ ፊፋ ግን አገር ሲያስገድድም አይተናል።

አዛውንቱ፦ ብራዚልን ማለትህ ነው። ከ2003 ጀምሮ ስታዲየም ውስጥ መጠጥ ተከልክሎ ነበር። የፊፋው ዋና ጸሐፊ ቫልክ በዚህ አንደራደርም አለ፤ በ2012 የተለየ ሕግ ወጣ። በ2014 ውድድሩ ሲካሄድ ያው ቫልክ በየስታዲየሙ የሰከረው ሰው ብዛት እንዳስገረመው ተናገረ። ኳታር ደግሞ በ2022 ሁለት ቀን ሲቀረው በስታዲየሞች ዙሪያ ቢራ እንዳይሸጥ አዘዘች፤ ፊፋ ዋጥ አድርጎ ተቀበለ።

ወጣቱ፦ እኛስ ጋ? በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1112 የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል።

አዛውንቱ፦ ጥሩ አዋጅ ነው። ግን ማክሰኞ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግባ። አዋጁ ከስቱዲዮ ያስወጣው ቢራ በሜዳው ዳር ሰሌዳ ላይ ሲሽከረከር ታገኘዋለህ፤ ከስክሪኑ ሥር ደግሞ ትምህርት ቤት ያልጨረሱ ልጆች ተደርድረዋል። የሌላ አገር ሜዳ ላይ የተተከለን ሰሌዳ የእኛ አዋጅ አይነቅለውም። ያንን የሚነቅለው ፊፋና ዩኤፋ ራሳቸው ሲከለክሉ ነው፤ እነሱም ካልተጠየቁ አያደርጉትም።

ወጣቱ፦ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?

አዛውንቱ፦ ማይክሮፎን አለህ። ቅዳሜ ዝግጅትህ ላይ ስለ ዝውውር ዋጋ ስታወራ፣ የሜዳው ዳር ሰሌዳ የማን እንደሆነና ለማን እንደተተከለም ተናገር። ፌዴሬሽናችን በካፍና በፊፋ ጉባኤ ድምፅ አለው፤ ኃላፊዎቹን ስቱዲዮ ጋብዝና በዚህ ጉዳይ አቋማችሁ ምንድን ነው ብለህ በአየር ላይ ጠይቃቸው።