ከመውቀስ በፊት መመርመር

ሕፃናቱን ስናስተምር የሚመልሱልን ሁልጊዜ አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። የቀሩትን «ሰነፎች» አልናቸው። በኋላ ግን በዩኒቨርሲቲ ተግባራዊ ምርምር የሚባለውን ተማርን።

ለመሆኑ ተግባራዊ ምርምር ምንድን ነው? መምህር የገዛ ክፍሉን ችግር ለይቶ፣ ዐቅዶ፣ ሠርቶ፣ ውጤቱንም መዝኖ እንደገና የሚጀምርበት የጥናት መንገድ ነው። ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፎበታል፤ ስቲቨን ኮሪም በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ለመምህራን አቅርቦታል።

እኛም አንዳችን ሲያስተምር ሌላችን ከኋላ ተቀምጦ መዘገበ። ጥፋቱ ከእኛ ተገኘ፤ ጠይቀን ሳንታገሥ ራሳችን እንመልስ ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት እሑዶች ከጥያቄው በኋላ በልባችን እስከ አምስት እየቆጠርን ታገሥን። ዝም ይሉ ከነበሩት ሰባቱ እጃቸውን አወጡ። ሁለቱ ግን አሁንም ዝም ብለዋል፤ ቀጣዩ ጥናታችን ስለ እነርሱ ነው።

እንግዲህ ተማሪን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን አሠራር እንመርምር።