ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ የሚጠቀመው ተክሉ ነው ወይስ ትሉ?



ባለፈው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ዕፅዋት ምግባቸውን ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን እንደሚያዘጋጁ ሲያስተምሩን እጄን አወጣሁና «እንግዲያው ጋዙ ቢበዛ ለገበሬው ጥሩ ነዋ!» አልኩ። ተማሪው አጨበጨበልኝ። መምህሩ ግን «እስቲ አንብቢና ለሚኒ ሚዲያ ጻፊ» አሉኝ። ሳነብ ለካ የማውቀው ግማሹን ብቻ ነበር።

ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበረው 280 ያህሉ ነው። አሁን ከ420 በላይ ሆኗል። ምክንያቱም ሰው ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ስለሚያቃጥል፣ ደንም ስለሚጨፈጭፍ ነው።

እውነት ነው፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና አኩሪ አተር ጋዙ ሲጨመርላቸው በደንብ ያድጋሉ። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ጋዙን ቅጠላቸው ውስጥ አስቀድመው ስለሚያከማቹ ቢጨመርላቸውም እምብዛም አይለወጡም። ስለዚህ የኔ መልስ ለእንጀራ እንኳን አልሠራም ማለት ነው!

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች በአኩሪ አተር ማሳ ዙሪያ ቧንቧ ዘርግተው ጋዙን ወደ 550 አደረሱት። ማሳው ክፍት ስለሆነ ነፍሳት እንደልባቸው ይገባሉ። ምርቱ ጨመረ፤ ግን የጃፓን ጢንዚዛ የሚባለውም ነፍሳት እዚያው ላይ ከሌላው ማሳ በልጦ ተሰበሰበ። ለምን? አንደኛ ቅጠሉ ስኳር በዛበት። ሁለተኛው ይብሳል። አኩሪ አተር ነፍሳት ሲበላው ዝም አይልም፤ የበላውን ነፍሳት ምግብ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ኬሚካል ይሠራል። ጋዙ ሲበዛ ይህ መከላከያው ደከመ። ጢንዚዛዎቹም ዕድሜያቸው ረዘመ፣ ሴቶቹም ብዙ እንቁላል ጣሉ።

እንቁላሉን የምትጥለው አፈር ውስጥ ነው። ሲፈለፈል ነጭ፣ ጥቅልል ያለ እጭ ይሆንና የሣርና የሰብል ሥር ይበላል። ላይ ቅጠሉ ለምልሞ እያየን ከታች ምን እንዳለ በምን እናውቃለን? (በነገራችን ላይ ሥርም ይተነፍሳል! አፈር ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ትሎች ሥሩን የሚያገኙት ከሱ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከትለው ነው።)

የጃፓኑ ጢንዚዛ ባይሆንም የሱ ዘመዶች እኛም አገር አሉ። የትምህርት ቤታችንን ጓሮ ስትኮተኩቱ ነጭ ጥቅልል ትል ካገኛችሁ እንዳትገድሉት፤ ከነአፈሩ በጣሳ አድርጋችሁ ለክበባችን አምጡልን። ምን ዓይነት ጢንዚዛ እንደሚሆን አብረን እናያለን።